ከኋላ እየመጣ ነው

“ኧረ በሞቴ፣ አይነሡ! እግርዎን ጋሼ፣ እግርዎን!”

መካኒኩ ከወንበሩ በግማሽ ተነሥቶ፣ እጁን ለሰላምታ እንደዘረጋ ባለበት ቀረ። በስልሳ አራት ዓመቱ ያላመመው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ጨጓራው አሠቃይቶታል፣ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ተሰናብተውታል፣ ወገቡ ብርድ ሲመጣ ይይዘዋል። እግሩ ግን የብረት ነው። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ ቤት የደረሰው እሱ ነበር፤ ለምን እንደሚቸኩል ሳያውቅ።

እንግዳው ሃምሳውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ፈጠን ብሎ መጥቶ መካኒኩን በሁለት ትከሻው ያዘና ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

“እግዜር ያጽናዎት። እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለዚህ እግር ያልነገሩን የለም። ሐዘን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ መካኒኩ።

የሚስቱ ታላቅ እህት ፔርሙስ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ከረቡዕ ጀምሮ ቤቱን የምታዝዘው እሷ ናት። ዐይኗን ከእንግዳው ወደ መካኒኩ ጉልበት፣ ከጉልበቱ ወደ ፊቱ አመላለሰችው። ልትናገር አፏን ስትከፍት መካኒኩ በዐይኑ ለመናት። ለምን እንደለመናት ያኔ እሱም አላወቀም። እሷ ግን አፏን ገጥማ ሻዩን ቀዳች፤ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ጮኸ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ጀርባውን ለቦዩ የሰጠ። ወንበሮቹ ከአምስት ጎረቤት የተሰበሰቡ ስለሆኑ ሐዘንተኛው ሁሉ በተለያየ ከፍታ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ፣ ሌላው እንደ ዳኛ ከላይ ሆኖ። ሚስቱ ረቡዕ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ገመዱ ሥር ወደቀች። ሐሙስ ተቀበረች። ዛሬ ዓርብ ነው፤ መካኒኩም ያልታመመ እግሩን ዘርግቶ የማያውቀውን ሰው ያያል።

“ይቅርታ፣ ማንነቴን አልተናገርኩም” አለ እንግዳው። “የድልድዩ ነኝ። የእሑድ ተረኛው።”

መካኒኩ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃ።

ከቤቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጀልባ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሣ ድልድይ አለ። መካኒኩ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራው ከቦዩ ደለል በምታወጣው ጀልባ ላይ ነው፤ በሥራ ቀን የሚመደቡትን ድልድይ ጠባቂዎች በሙሉ ከነአመላቸው ያውቃቸዋል። የእሑዱን ግን በመልክ አይቶት አያውቅም። በጆሮው ነው የሚያውቀው። እሑድ እሑድ ሬዲዮውን ከፍቶ አልጋው ላይ ጋደም ሲል፣ አሥር ሰዓት ላይ መደወል ያለበት የድልድዩ ደወል አይደወልም። አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ ሰባት ደቂቃ ያልፋል። የሚጠብቁት ጀልባዎች መጮኽ ይጀምራሉ። ያኔ መካኒኩ በክርኑ ተደግፎ ቀና ይልና፣ “እንቅልፋሙ ዛሬም ተኛ!” ይላል። ስም ማውጣት ይችልበታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው እንቅልፋሙ ሆኖ ቀረ። አንዴማ ለቢሮው አቤቱታ ሊጽፍ ወረቀት ሁሉ አውጥቶ ነበር። ሚስቱ ናት ወረቀቱን መልሳ መሳቢያ የከተተችው።

“አንተ ነህ እንዴ?” አለ አሁን። “የአሥር ሰዓቱን ድልድይ አሥር ከሰባት የምታነሣው?”

ሰውየው አቀረቀረ። “ያውቁታል ማለት ነው። ምን ላድርግ ጋሼ? እርስዎን ስጠብቅ ነዋ!”

“እኔን?”

“እርስዎን። እትዬ ለአሥር ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ይመጣሉ። ‘ባለቤቴ ከኋላ እየመጣ ነው፣ እግሩን ስለሚያመው ቀስ ይላል፣ አደራ እንዳታነሣበት’ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። እሳቸው ይሻገሩና ማዶ ይቆማሉ። እኔ ከዚህ፣ እሳቸው ከዚያ፣ መንገዱን እናያለን። ጀልባዎቹ ሲያብዱብኝ ታዲያ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፤ ‘ተወው፣ ደክሞት ተመልሶ ይሆናል፣ አንሣው’ ማለታቸው ነው። አነሣዋለሁ።”

“ስንት ጊዜ?”

“እኔ እዚያ ከተመደብኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። ዶፍ ካልጣለ በቀር ቀርተው አያውቁም።”

“አንድም ቀን አልደረስኩም” አለ መካኒኩ። ድምፁ ለራሱም ራቀው።

“እግር ነዋ! እግር ምን ይደረጋል?” ሰውየው ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። “ሰላምታዎ ግን ሁልጊዜ ይደርሰኝ ነበር። ‘ባለቤቴ ያ ድልድይ ጠባቂ እንዴት ያለ ታጋሽ ሰው ነው ይላል’ ይሉኝ ነበር። ምን ልበልዎት ጋሼ፣ እኔን በዚያ መሥሪያ ቤት ታጋሽ ያለኝ ሰው የለም። እየተቆጡኝ ነው የኖርኩት። እሳቸው ያንን ሲሉኝ ሳምንቱን ሙሉ ይበቃኛል።”

መካኒኩ ፊቱ ጋለ። ሰውየው ተነሥቶ በጥፊ ቢለው ይሻለው ነበር።

እነዚያ እሑዶች እንዲህ ነበሩ። ሲጋቡ ሚስቱ እሑድ ከሰዓት ቤት መዋል አትችልም ነበር። በዚያ ሰዓት ከተማው በሙሉ ቦዩን ይዞ ይወርዳል፤ ከመጋዘኖቹ ሥር ተነሥቶ በድሮው የውኃ መሳቢያ ቤት በኩል፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዛፎቹን አልፎ እስከ ውኃ በሩ ድረስ። ውኃ በሩ ጋ ጀልባዎቹ በሁለት መዝጊያ መሃል ታጥረው፣ ውኃው ከሥራቸው እየሞላ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲያወጣቸው ማየት ነው የሰው ሁሉ መዝናኛ። እዚያ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፣ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። “እንሂድ” ትለዋለች።

“ስድስት ቀን ጭቃውን ስዝቅበት የከረምኩትን ቦይ በሰባተኛው ቀን ሄጄ ልጎብኘው?” ይላል እሱ። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቅ ነበር። ቅር ሲላት ሲያይ ደግሞ፣ “የሚመጣው እሑድ” ይላታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄደዋል። ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ አለበሰችው። ውኃ በሩ ጋ ሲደርሱ የታችኛው መዝጊያ ሲያፈስ አየ። “ቆይ መጣሁ” ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ወረደ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ብቅ አለ። እሷ አግዳሚው ላይ ኦቾሎኒዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ የራሷን በልታ የሱን ግማሽ አስቀርታለች።

“በሩ ያፈስ ነበር” አላት።

“አሁን አቆመ?”

“አቆመ።”

“እሰይ” አለች። እውነቷን ትሁን አትሁን አልጠየቃትም።

ልጅ አልወለዱም። እሑዶቹ ተከታትለው ሄዱ። መቼ እንደሆነ በውል አያስታውስም፣ አንድ እሑድ “እንሂድ” ማለቷን ተወችው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ “ዞር ዞር ብዬ ልምጣ” ብቻ ብላ ወጣች። ተገላገልኩ አለ መካኒኩ በልቡ። ይህን ነው አሁን ሊረሳው ያልቻለው። ሲመሽ ስትመለስ ያየችውን ትነግረዋለች፤ ግራጫው ረጅም ወፍ ዛሬም አንድ እግሩን አጥፎ ቆሞ ነበር፣ አንድ ጀልባ ላይ ውሻ መሪውን ይዞ አየሁ፣ የሙሽሮች ፎቶ ሲነሣ ቬሏ ውኃ ገባ። “እህም” ይላል መካኒኩ፣ ጆሮው ሬዲዮው ላይ።

ቅዳሜ ሻይ ሻጯ መጣች። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት፤ ከደጅ ጀምራ ስታለቅስ የመጋዘኖቹ ዘበኛ ሳይቀር ወጥቶ አያት። ሲበርድላት ከመካኒኩ ጎን ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንደ እናት ጉልበቱን ዳበሰችው።

“እንዴት ነው እግርዎ?”

“ደህና ነው። ይሻለዋል” አለ መካኒኩ። አሁንማ በገዛ እጁ ገባበት።

“እኔ እኮ አጠገቤ ያሉ ያህል ነው የማውቅዎት። ሁሌም ሁለት ብርጭቆ ነው የምቀዳው። ‘የሱንም ቅጂለት፣ ሲደርስ በርዶ ይጠብቀው፣ ትኩስ ሻይ አይወድም’ ይሉኛል። ይቆያል፣ ይቀዘቅዛል። ሊሄዱ ሲሉ ራሳቸው ጭልጥ ያደርጉታል። ‘ዛሬም ለኔ ወጣልኝ’ እያሉ።” ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዐይኗን ጠረገች። “ጨዋታዎን ደግሞ! ጀልባ ባለፈ ቁጥር፣ ‘ይቺን ሳል ይዟታል፣ የነዳጅ ማጣሪያዋ ተደፍኗል ይላል ባለቤቴ’ ይላሉ። ‘ይቺኛዋ ደግሞ ዘይት ጠምቷታል ይላል።’ በመንገድ ሲመጡ እንዲያ እያሉ የሚያጫውቷቸው እርስዎ ነዎት አሉ። እንዴት እቀና እንደነበር! የኔ ባል ከቤት እስከ ገበያ አንድ ቃል አይተነፍስም።”

መካኒኩ ቃላቱን አወቃቸው። የሱ ናቸው። አልጋው ላይ ሆኖ፣ ጀርባውን ለሚስቱ ሰጥቶ፣ ጀልባዎቹ በጓሮ ሲያልፉ እየተነጫነጨ የጣላቸው ናቸው። እሷ ለቅማ፣ ምሬታቸውን አራግፋ ሽርሽር ይዛቸው ወጥታለች።

እውነቱ አንደበቱ ላይ መጣ። ልናገር፣ ይውጣልኝ አለ። “እኔ እኮ…” ብሎ ጀመረ።

ጓዳው በር ላይ ታላቅ እህቷ የምትወለውለውን ብርጭቆ ይዛ ቆመች። ሻይ ሻጯ እርጥብ ፊቷን ቀና አድርጋ ጠበቀችው።

“እኔ እኮ፣” አለ መካኒኩ፣ “ሻይ ሲቀዘቅዝ ነው ደስ የሚለኝ።”

ሲያመሽ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ታላቅ እህቷ አንዱን ወንበር ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“አንተ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንካሳ የሆንከው?”

“ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ።”

ሁሉንም ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው፤ ይህ በታሪኳ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

“‘እሑድ ወጣ ብለን መጣን’ ነበር የምትለኝ” አለች በመጨረሻ። “በስልክ። ወጣ ብለን። እኔም እነዚህ ልጆች ሲያረጁ ፍቅራቸው ጨመረ እያልኩ ለሰው ሳወራ።” ከዚያ ቁጣው መጣ። “ብቻዋን! ያን ሁሉ ዓመት! ነገ ሄደህ ንገራቸው። እግሬ ደህና ነው፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሬዲዮ እሰማ ነበር በላቸው። ይወቁህ!”

“እነግራቸዋለሁ።”

“ንገራቸው!”

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሳህን ተንኳኳ፣ ውኃ ፈሰሰ፣ ቆመ።

“ግን ያዝኑላታል” አለች ከውስጥ፣ ድምፅዋ ወርዶ።

“ማን?”

“እነሱ ናቸዋ። ሰው ሲያዝንላት አትወድም ነበር። ልጆች ሳለን ወድቃ ጉልበቷ እየደማ እንኳ፣ ‘ኧረ ተቀምጬ ነው’ ትለን ነበር።”

“እንግዲያ ምን ላድርግ?”

“እኔ ምን አውቄ? ሚስትህ ናት።”

እሑድ ጠዋት ታላቅ እህቷ በአውቶቡስ ሄደች። ስትሄድ አቀፈችው፤ ይቅር እንዳለችው ወይም እንዳላለችው ከእቅፏ ማወቅ አልቻለም። እስከ ቀትር ጎረቤቶቹ ወንበሮቻቸውን ወሰዱ። ቤቱ ሲራቆት ሰፋ። መካኒኩ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ዘጋ። የሚስቱ ጫማ በሩ ሥር እንደቆመ ነው፤ አዙሮ ወደ ግድግዳው አደረገው፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ እንደነበረ አደረገው። እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። እሷ ስትወጣ ቤቱ ዝም ይል የነበረው ለካ ተመልሳ ስለምትመጣ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጢሙን ተላጨ። ልቡ ቆርጦ ነበር፤ ሄዶ ይነግራቸዋል። ያልለፋበትን ደግነት ተቀብሎ መኖር አይችልም። የሚናገራትን መስተዋቱ ፊት አጠናት፤ “ስማኝ ወንድሜ፣ እግሬ ደህና ነው፣ እኔ ከኋላ አልነበርኩም።” ሦስት ጊዜ አላት። አጭር ናት፣ አትጠፋውም።

መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ጓደኛሞች። መካኒኩ እጁን የት እንደሚያደርገው ቸገረው። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ ወደ ኋላ አጣመረው። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ነው ለካ ብቻዋን የምታልፈው። ከቤት ወጥታ ገና መጋዘኖቹን ሳትጨርስ ነው ውሸቱ ያስፈለጋት።

ውኃ መሳቢያው ቤት ጋ ቆመ። የውስጥ ፓምፖቹን አንድ በአንድ ፈቶ ገጥሟቸዋል፤ ከበሩ በላይ ባለቀለም መስኮት እንዳለ ግን አያውቅም ነበር። ሰማያዊና ቢጫ ነው። ፀሐይዋ ስታርፍበት ውኃው ላይ ቀለሙ ይወድቃል። በዚህ ቦታ ከቦዩ ሥር ስንት ጀልባ ጭቃ እንደወጣ ቢጠይቁት ይናገራል፤ ከላይ ያለውን አሁን ማየቱ ነው። ነግራው ይሆናል። ሳትነግረው አትቀርም። ቆሞ ሲያይ ጊዜው ሄደ።

የጀልባ ጩኸት አባነነው። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ከአራት። ደወሉ አልተደወለም።

ፈጠን ፈጠን እያለ ኩርባውን ሲዞር ድልድዩ ታየ። አልተነሣም። ሁለት ጀልባዎች ፊቱ ቆመው እየተነፋረቁ ነው። ድልድይ ጠባቂው ከጎጆው ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ ሽቅብ መንገዱን ያያል። እትዬዋ ሞታለች፣ እንዲጠብቅ የለመነው ሰው የለም፣ አለቆቹ ሊቆጡት ይችላሉ። ቢሆንም ያያል።

መካኒኩ ከሰዉ ኋላ ተከልሎ ቆመ። ያጠናት ዐረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ተሰናድታለች።

የዚያን ጊዜ ሰውየው አየው። ፊቱ ሁሉ ተፈታ። ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበ።

“ጋሼ! ጋሼ! ቀስ ይበሉ! አይቸኩሉ፣ ይዤልዎታለሁ!”

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። መካኒኩ አንድ እርምጃ ሊራመድ ብሎ፣ አንድ ነገር ትዝ አለው። የትኛው እግር ነው? ቀኙ ነው ግራው? ድልድይ ጠባቂው አልተናገረም፣ ሻይ ሻጯ አልተናገረችም፣ የምታውቀው ሴት ደግሞ አፈር ውስጥ ናት። አሁን ደርሶ ሊጠይቃት የማይችለው ነገር ይህ ሆነ። እንባው እዚያው መንገድ መሃል መጣ፤ ከረቡዕ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው።

ግራውን መረጠ።

መጀመሪያ አበዛው፤ ሊወድቅ ሲል አንዲት መንገደኛ ክርኑን ያዘችለት። ቀጥሎ ልኩን አገኘው። አንዱን ይጎትታል፣ በአንዱ ይደገፋል። ጀልባዎቹ ጮኹ። “ሰው እየተሻገረ ነው!” ብሎ ድልድይ ጠባቂው ጮኸባቸው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። መካኒኩ ጣውላውን ረግጦ ተሻገረ። ጎጆው አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ።

“ደረሱ፣ ጋሼ” አለው ሰውየው።

“ደረስኩ” አለ መካኒኩ።

ሌላ አልተነጋገሩም። ማዶ ሲወርድ ደወሉ ተደወለ፤ ድልድዩ ከኋላው ተነሥቶ የቀረውን ሰው ሁሉ በዚያ ወገን አስቀረ። መንገዱ ዛፎቹ መሃል ገባ። ቀድመውት የተሻገሩት ርቀዋል፤ ፊቱ ማንም የለም፣ ኋላው ማንም የለም። እግሩን ሊያቃና ይችል ነበር። አላቃናም። እስከ ውኃ በሩ ድረስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ቀስ ብሎ ሄደ።